ከተሳቢ ሥር የሚንጠለጠል አልጋ

የግብዣው ወረቀት ላይ ከስሜ ቀጥሎ «ከአንድ እንግዳ ጋር» የሚል መስመር ነበር። ከውድድሩም፣ ከሆቴሉም፣ ከሽልማቱም ይልቅ ልቤን የወሰደው ያ መስመር ነው። ማንን ይዤ እንደምሄድ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። አባቴን ነበር የምፈልገው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኔን ያሳደገኝ ከጂቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር ዕቃ እያመላለሰ ነው፤ ዛሬም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ድሬዳዋ ቤታችን የሚመጣው በወር አንዴ፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን ነበር። አንዱን ቀን ይተኛል፣ ሌላውን ቀን ጋራዥ ይውላል። እናታችን «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል» ስትለን በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየዋለሁ። የአባቴን ድምፅ ከማውቀው በላይ ትንፋሹን አውቀዋለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ የእናቴ ወንድም ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ባለችው የሸራ ስፌት ሱቁ እንድሠራ ጠራኝ። የሰፈር ሰው ለገንዘብ የሄድኩ መሰለው። እኔ ግን የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። የአባቴ መንገድ የሚያልቀው ጂቡቲ ነው፤ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ሄጄ ብቀመጥ ደጋግሜ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር።

ያላሰብኩት ተራ የሚባለውን ነገር ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጡ መኪኖች ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ ዱዝ በሚባለው ሜዳ ላይ ቆመው የመጫኛ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ሦስት ቀን ነው፣ አንዳንዴ አሥር። ተራህ ሲጠራ መኪናህ አጠገብ ከሌለህ ስምህ ወደ ዝርዝሩ ጭራ ይወርድና እንደ አዲስ መጠበቅ ትጀምራለህ። ስለዚህ ሹፌር ከተማ አይገባም። ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይጋደማል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ጥላ የለም። ዓርብ ዓርብ ሱቁ ሲዘጋ ሩዝ ቋጥሬ በሚኒባስ እሄዳለሁ። አባቴ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ስለ እናቴ ደኅንነት ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ ስለ እሷ የማውቀው ከእሱ ያነሰ ነው። ከዚያ «ትንሽ ልጋደም» ይላል። እኔ ጎማውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ካርቶኑ በላቡ ይረጥባል። ከላይ ከብረቱ ጥቁር ዘይት ጠብ ይልና ግንባሩ ላይ ያርፋል፤ ሳይነቃ በእጁ ጀርባ ይጠርገዋል። ለአምስት ዓመት ከአባቴ ጋር የነበረኝ ኑሮ ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ግጥም መጻፍ ጀምሬ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። የተቆረጠ ሸራ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ስልኬ ላይ እገለብጠዋለሁ። አጎቴ ጠመኔው ማለቁን እንጂ ግጥሙን አይቶ አያውቅም። «አቦ፣ ግጥምህን ስትጨርስ ጠርዙን እጠፍልኝ» ይለኛል። አንድ ዓርብ ለአባቴ ነገርኩት።

«ግጥም?» አለ ሩዙን እያላመጠ። «ስንት ኩንታል ይሆናል?»

«አይመዘንም፣ አባዬ።»

«የማይመዘን ነገር አትጫን። መንገድ ላይ ያስቸግርሃል።»

ሳቅን። እኔ ግን ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስመለስ አልሳቅኩም።

የውድድሩ ማስታወቂያ የመጣው ከአንድ የሸራ ትእዛዝ ጋር ነው። የአጎቴ ደንበኛ የሆነ የትራንስፖርትና የመጋዘን ድርጅት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነውና ወጣቶችን ይጋብዛል፤ ወደብ ላይ ከሚጣል ነገር ለሰው የሚጠቅም ዕቃ ነድፋችሁ፣ ሠርታችሁ አምጡ ይላል። አጎቴ ወረቀቱን አነበበና ሻይ አስቀመጠበት። እኔ ከሻዩ ሥር ሳብኩት።

የሠራሁት ተንጠልጣይ አልጋ ነው። አሮጌ ሸራ ሁለት እጥፍ አድርጌ ሰፋሁ፣ ዳርና ዳሩን ጭነት በሚታሰርበት ቀበቶ አጠናከርኩ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ የተሳቢውን ሻንሲ፣ የሥሩን ብረት፣ የሚይዙ መንጠቆዎች አደረግኩ። ሰውየው ከመሬት አንድ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ይተኛል፤ ነፋሱ በሥሩ ያልፋል። ከፊቱ በላይ ደግሞ ዘይቱ እንዳይንጠባጠብበት አንዲት ቁራጭ ሸራ ትወጠራለች። በዚያች ቁራጭ ሸራ ላይ፣ ወደ ታች በሚያየው ገጿ፣ በነጭ ቀለም ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፤

ሰማይህ ብረት ነው፣ ኮከብህም ብሎን፣
አንተ ከተኛህማ ማን ይቆጥረው ይሆን?

ቆሞ የሚያይ ሰው ግጥሙን አያየውም። የሚያነበው የተኛ ሰው ብቻ ነው። አንድ የተወሰነ ሰው እዚያ ውስጥ ተኝቶ ዓይኑን ሲገልጥ እንዲያነበው ነበር የጻፍኩት። ለአባቴ ስለ አልጋው አልነገርኩትም ነበር።

ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኔ ሲነገረኝ ደወልኩለት። ዘጠኝ ቀን ፔካ ዱዝ ቆሟል።

«አልጋ ሠራሁ፣ አባዬ። ሆቴል ውስጥ ያሳዩታል። ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ነው። አንተም ተጋብዘሃል።»

«ሆቴሉ የራሱ አልጋ የለውም እንዴ?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ተራዬ ሠላሳ ምናምን ነው፤ ዓርብም አይደርስ። እመጣለሁ። በሽርጥ ያስገባሉ?»

«ሸሚዝ ይሻላል።»

«በል ደኅና ዋል» አለና ዘጋው። ይህን ንግግር ስንት ጊዜ በውስጤ እንደደገምኩት አላህ ያውቃል።

ሐሙስ ማታ አጎቴ ሲዳር የለበሰውን ሙሉ ልብስ አዋሰኝ። የናፍታሊን ሽታ ነበረው፤ ትከሻው ላይ ሰፋ፣ እጁ ላይ አጠረ። አጎቴ ራቅ ብሎ አየኝ።

«ሸራ ሰፊ ሙሉ ልብስ ሲለብስ መጀመሪያ ያየሁት ዛሬ ነው። ብቻ ስፌቱን እንዳትመረምረው፤ እዚያው ቁጭ ብለህ ፈትተህ ትሰፋዋለህ።»

ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር በኩል በእግሬ ሄድኩ። ነፋሱ የባሕሩን እርጥበት ይዞ ይመታል፤ ሆቴሉ ደጃፍ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ብርድ ነው። ሰዎች ከደጅ ሲገቡ መነጽራቸው በጉም ይሸፈናል፤ ሁሉም አውልቆ በከረባቱ ጫፍ ይጠርጋል። ሴቶቹ ስስ የዲራ ቀሚስ ለብሰው ሲያልፉ ሽቷቸው ከኋላቸው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሳምቡሳው የአውራ ጣት ያህል ነበር። እናቴ ብታየው «ይሄ ገና ሕፃን ነው፣ ለምን ጠበሱት?» ትል ነበር።

ሥራዎቻችን ግድግዳው አጠገብ ተደርድረዋል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመርከብ ገመድ መብራት ሠርታለች፤ አንድ ልጅ ከእንጨት ርብራብ የሕፃናት ጠረጴዛ። የእኔን አልጋ ስፈልግ ሁለት የብረት ምሰሶዎች መካከል በደረት ቁመት ተሰቅሎ አገኘሁት። ውስጡ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል።

ዝግጅቱን የምታስተባብረዋን ሴት ፈልጌ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ነገርኳት። «እመቤት፣ ይሄ ዝቅ ማለት አለበት። እዚህ ድረስ» ብዬ ጉልበቴን አሳየኋት።

«ሙስዬ፣ ለፎቶ አይመችም።»

«ተሳቢ ሥር ነው የሚታሰረው። ተሳቢ ከፍ አይልም።»

«ይገባኛል። ግን እንግዶቻችን ማጎንበስ የለባቸውም።» ክፋት አልነበራትም። አበባውን ትንሽ ወደ ግራ አስተካከለችና ሄደች።

እንግዶች ተራ በተራ እየመጡ አዩት። አንዱ የሕፃን አልጋ ነው አለ። አንዲት ሴት የዓሣ ማስጫ መስሏት አሽትታ አየችው። እኔ እገልጻለሁ፤ ተሳቢ፣ ሙቀት፣ ካርቶን፣ ዘይት። «አህ፣ ሹፌሮቹ!» ይላሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያልፋሉ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። አሮጌ ጫማቸው ላይ የወደብ አቧራ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ጫማው አቧራ የነካው የእሳቸው ብቻ ነው። ስፌቱን በጣታቸው ገፉት።

«ጥሩ ክር ነው። ማን ሞከረው?»

«ገና ነው» አልኩ። «የሚሞክረው ሰው እየመጣ ነው።»

አበባውን አንሥቶ አንድ ሰው ቢተኛበት፣ አንድ ሰው ብቻ ወደ ላይ ቢያይ ብዬ ተመኘሁ። በዚያ ልብስ ማን ይተኛል? ትልቅ ሰው ባለበት እኔም ራሴ ብጋደም ነውር ነው። ግጥሜ እዚያው ጀርባውን ሰጥቶን ተወጥሮ ቆየ፤ ማንም እዚያ እንዳለ አላወቀም።

ተቀመጥን። ከጎኔ ያለው ወንበር የአባቴ ነበር። አስተናጋጁ መጥቶ ሳህኑን ላንሣ ወይ ሲለኝ ይቆይ አልኩት። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አዞራለሁ። የአባቴን ሸሚዝ በሐሳቤ ቀለም ቀየርኩለት፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ነጭ። ከመብራቱ በታች ቆሞ እኔን ሲፈልግ፣ እኔ እጄን ሳነሣለት፣ የሰዎቹን እጅ እየጨበጠ ሲመጣ አየሁት። ሥራ አስኪያጁ ንግግር ጀምረው ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወደ መተላለፊያው ወጣሁ።

ከጀርባው የሞተር ድምፅና የሰው ጩኸት ይሰማል። መጮህ ነበረበት። «ተራዬ ደረሰ! አሥራ አምስት መኪና አንድ ላይ ጠሩ። ዶራሌ ወደብ እየገባሁ ነው።»

ሌላውን ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ።

«ትሰማኛለህ? ምን አሉህ? አሸነፍክ?»

«ገና አልተነገረም።»

«አሁን ካለፈኝ…» አለና ቃሉን አልጨረሰውም።

ይለፍህ ልለው አፌ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ይለፍህ፣ ለእኔ ስትል ወደ ጭራው ውረድ፣ አሥር ቀን ጨምር፣ ዓርብ ዓርብ ሩዝ አመጣልሃለሁ። ብዬው ቢሆን ኖሮ ይመጣ እንደነበር አውቃለሁ። ያን ማወቄ ነው አፌን የዘጋው። «ግባ፣ አባዬ» አልኩት። «ደኅና ጫን።»

«በል ሂድ፣ ሰዎቹን አታስጠብቅ» አለኝ።

ተመለስኩ። የገመዱ መብራት አሸነፈ፤ የሚገባው ነበር፣ የአዳራሹን አምፖሎች አጥፍተው ሲያበሩት ሁሉም ሰው ፊቱ ቆንጆ ሆነ። ለእኔና ለጠረጴዛው ልጅ የምስክር ወረቀት ተሰጠን። መድረክ ላይ ስወጣ አስተዋዋቂው ማይኩን አቀረበልኝና «ይህን አልጋ ለማን ነው የሠራኸው?» አለኝ። «ለአባቴ» አልኩ። አጨበጨቡ። ጭብጨባው ልባዊ ነበር፣ አንዳንዶቹ ቆመው ነው ያጨበጨቡት። እኔ ከመድረኩ ላይ ሆኜ የማየው ግን ያልተነካውን ሳህን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዓርብ፣ አልጋውን ጠቅልዬ በሚኒባስ ፔካ ዱዝ ሄድኩ። ጭነው ሲጨርሱ አንዳንዴ ለመጨረሻ ፍተሻ ይመለሳሉ፤ ምናልባት አገኘዋለሁ ብዬ ነው። የእሱ ቦታ ባዶ ነበር። ካርቶኑ ተጣጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ከጎኑ ያለው ተሳቢ ሥር የመንገድ ጓደኛው ተጋድሟል፤ ናዝሬት የተወለደ፣ ትልቅ ሆድ ያለው፣ አባቴ «ወንድሜ» የሚለው ሹፌር።

«ሌሊት ነው የወጣው» አለኝ ሳይነሣ። «አሁን የጋላፊን ድንበር እየተሻገረ ነው። ና ተቀመጥ። አንተ ነህ አይደል ሆቴሉን ያስጨነቅከው?»

«ምን አለህ?»

«ምን ያልለው አለ! ሳምንቱን ሙሉ ልጄ፣ ልጄ እያለ አደነቆረን። ሸሚዜን ተዋሰ፤ እኔ ብቻ ነኛ ነጭ ያለኝ። የኔ ሸሚዝ እሱ ላይ ድንኳን ነው፤ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ አያያዝንለት። ጢሙን ጠዋት ተላጨ፣ ቀትር ላይ ተላጨ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ምላጩን ሲያነሣ ‹አቁም ሰውዬ፣ ቆዳህ ሊያልቅ ነው› አልነው። ታክሲ ሊጠራ ሲል ነው ስሙን የጠሩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሸሚዙን አወለቀ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ። ቀስ ብሎ ነው ያጣጠፈው። እኔ እኮ ‹ሩጥ እንጂ› እያልኩት ነው።»

ጎማው ሥር ተቀመጥኩ። ሰውየው ፊቴን አይቶ ወሬ ለመቀየር የተሸከምኩትን ነገር ጠየቀኝ። አልጋው መሆኑን ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ስቀለዋ!»

የመንጠቆዎቹን አሠራር አሳየሁት፤ እሱ ከኔ ቀድሞ ገባው። ሻንሲው ላይ አያያዝነው፣ እየተንፏቀቀ ገባ፣ ቀበቶዎቹ ጢጥ አሉ፣ ያዙት። ነፋሱ በሥሩ ሲያልፍ «ያአላህ!» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ገለጠው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ስንኙን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ።

«ማን ይቆጥረው ይሆን?» አለ። «እኔ ነኛ የምቆጥረው!» ቁራጯን ሸራ በጣቱ ገለል አድርጎ ወደ ብረቱ አሻቀበ። «አንድ፣ ሁለት… ተመልከት፣ እነዚህ ሁለቱ ላልተዋል። እስቲ ያንን ቁልፍ አቀብለኝ።»

እዚያው እንደተኛ ብሎኖቹን አጠበቀ። በሕይወቴ ግጥሜን አንብቦ ሥራ የጀመረ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ሲጨርስ እግሩን ዘረጋና ወደ ታች አየ። ከእግሩ ጫፍ በኋላ ብዙ ሸራ ተርፏል።

«ይሄን ለማን ነው የቆረጥከው? ለግመል?»

«ለአባቴ።»

«አባትህ እኮ ከኔ ያጥራል።»

«አያጥርም።»

«እዚህ ድረስ ነው» አለና እጁን ጆሮው አጠገብ አደረገ። «ሸሚዜን ለብሶ አይቼዋለሁ እኮ። እጅጌውን ሁለቴ ነው የጠቀለለው።»

ልከራከር ፈልጌ ነበር። እንዴት እንደለካሁት ለማስታወስ ሞከርኩ። ሱቃችን ውስጥ የምንለካው መኪና ነው፤ ሰው ለክተን አናውቅም። የአባቴን ቁመት ከራሴ ነበር ያወጣሁት፤ ጋቢናው ላይ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች ሲያየኝ፣ በር ስንጥቅ ውስጥ አልጋውን ሞልቶ ሲተኛ፣ ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ ሳየው። ሁለታችን ቆመን፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ አንድ መንገድ ላይ የሄድንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ከኔ ይርዘም ይጠር አላውቅም።

ሰውየውን ግጥሙን ለአባቴ እንዳይነግረው ለመንኩት። «እሱ ራሱ ተኝቶ ያንብበው» አልኩት። በእናቱ ማለልኝ፣ ከዚያም አልጋውን ለሦስት ቀን አከራየኝ አለኝ፤ ሳቅኩና ጠቅልዬ ወሰድኩት።

አባቴ የደወለው ቅዳሜ ነው፤ ሰመራ ቆሞ ምሳ እየበላ። ስለ ምስክር ወረቀቱ ነገርኩት። «ሦስተኛ ማለት ነው?» አለ። «ደረጃ የለውም» አልኩት። ስለ ሸሚዙ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበት። አዳራሹ ቀዝቃዛ እንደነበር፣ ምን እንደበላን፣ ሰዎቹ ምን እንደሚመስሉ ጠየቀኝ። ስለ ሳምቡሳው ስነግረው እየሳቀ ምግብ ትን አለው። ሳቁን ሰማሁና ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠበቅኩት።

«አባዬ፣ ቁመትህ ስንት ነው?»

«ምን?»

«ቁመትህ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የመኪናዬን ጠይቀኝ፤ ከነተሳቢው አሥራ ስምንት ሜትር ነው። እኔን ማን ለክቶኝ ያውቃል?»

«እኔ ልለካህ እፈልጋለሁ።»

የሆነ ሰው ከጀርባው ሒሳብ እየጠራ ነበር። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እንደ ማፈር ብሎ። «ስመጣ ለካኝ።»

«መቼ ትመጣለህ?»

«አራግፌ፣ ተመልሼ፣ ተራ ይዤ…» አለ፤ ቀኖቹን በጣቱ ሲቆጥር በሐሳቤ አየሁት። ቁጥሩን አልነገረኝም።

አልጋው ሱቁ ጓዳ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጎቴ ቦታ ያዘብኝ፣ ቆርጠህ አሳጥረው ወይ ሽጠው ይለኛል። መቀሱን አንዴ አንሥቼ ነበር፤ ከየት እንደምቆርጥ ስላላወቅሁ መልሼ አስቀመጥኩት።